«ሲስተር፣ ምን በልቼ ነው?»

ልጆቼ፣

እኔ ነርስ ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት በስኳርና በግፊት ክትትል ክፍል ነው። እዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አያጣም። «ሲስተር፣ ምን በልቼ ነው?» ይለኛል። የሚያስበው ትናንት ማታ የበላውን ነው። እኔ ደግሞ «ሃያ ዓመትህ ላይ ምን ትበላ ነበር?» እለዋለሁ። ይስቃል። ቀልድ ይመስለዋል።

ቀልድ አይደለም። የእኛም ቃኘው ሻለቃ በተሳተፈበት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮች ልባቸው ተከፍቶ ተመርምሮ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነው። ጤነኛ ተብለው የተመለመሉ ጎረምሶች ናቸው። ከአራቱ በሦስቱ ላይ የልብ ደም ሥራቸው መታመም ጀምሮ ተገኘ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። እናንተ ግን ዛሬም «ገና ልጅ ነኝ» ትሉኛላችሁ።

እንዲያውም ነገሩ ከማህፀን ይጀምራል። በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ስኳር በራሽን ነበር የሚታደለው። ራሽን ምን እንደሆነ በደርግ ጊዜ ቀበሌ የተሰለፉ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። የስኳሩ ራሽን እ.ኤ.አ. በ1953 ተነሳ፤ ሰዉም ወዲያው ስኳር አበዛ። ተመራማሪዎች ከዚያ በፊትና በኋላ የተወለዱትን አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱን አወጡ። በማህፀንና በጨቅላነታቸው ራሽኑ የደረሰባቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 ከመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። የግፊቱ ደግሞ በ20 ከመቶ ገደማ።

ታዲያ እርጉዝ ሴት ትራብ ማለቴ አይደለም። ረሃብም የራሱን ምልክት ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 የሆላንድ ረሃብ ጊዜ በማህፀን የነበሩ ልጆች ሲያድጉ ሰውነታቸው ስኳርን መቆጣጠር አቅቶት ታይቷል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የእኛ የ77ቱ ድርቅ ትዝ ይለኛል። ያኔ ማህፀን ውስጥ የነበሩት ዛሬ አርባን አልፈዋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ያቺ 300 ሚሊ ሊትሯ፣ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር አላት። ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ከ25 ቢያንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። በአንድ ጠርሙስ 25ቱን አለፋችሁ። ጠዋት በሦስት ማንኪያ ስኳር የጠጣችሁት ሻይና ከሰዓት የበላችሁት ቦምቦሊኖ ገና አልተቆጠሩም። ለስላሳ ለበዓል ይሁን። ከምሳ ጋር ውሃ ጠጡ።

በጾም ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ድንቅ ነው። ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲሆን ሌላ ምግብ አያስመኝም። የሚያበላሸው ዘይቱ ነው። ወጡ ላይ የሚንሳፈፈውን ማለቴ ነው። ሲረፍድ ደግሞ ፓስቲና ሳምቡሳ ይከተላል፤ ያ ዘይት ስንት ጊዜ እንደፈላ ባለቤቱ ብቻ ያውቃል። ጾመናል እንላለን እንግዲህ!

ሴቶች ልጆቼ፣ አጥንታችሁ የሚጠነክረው እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ለመክሳት ብላችሁ ምግብ አትዝለሉ።

ከአርባ በኋላ ጨው ይመጣል። በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው የሚመከረው። ይህን ለሰው ሳስተምር ኖሬ 46 ዓመቴ ላይ ግፊት ተገኘብኝ። ለካ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡና የምጠጣው እንደ እናቴ በጨው ነው! በቀን ሦስት አራት ስኒ። አንድም ቀን ከጨው አልቆጠርኩትም። ግፊቴን ያመጣው እሱ ብቻ ነው አልልም፤ አስተማሪዋ ግን አፈርኩ።

እናቴ ስኳር የያዛት ካረጀች በኋላ ነው። እኔም ነርስነቴን አመጣሁባት። ቆጮው ቀረ፣ ቅቤው ቀረ፣ ዳቦው ቀረ። ስኳሯ ወረደ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀሚሷ ሰፋ። ከወንበር ስትነሳ እጄን መያዝ ጀመረች። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ወደቀች። ያያት ሐኪም፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ «ሲስተር፣ እየራባቸው እኮ ነው» አለኝ። ሽማግሌ ሰው ጡንቻው ቶሎ ያልቃል፤ ሥጋው፣ ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ ባቄላው ከወጣት ይልቅ ለእሱ ያስፈልጋል። መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ። እናቴ ላይ ግን የሠራሁት የአርባ ዓመት ሰው ምግብ ነበር።

አሁን በየቅዳሜው ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶ ገዝቼ በሾርባ እሠራላታለሁ። እሷ የምትወደው የተጠበሰውን ነው። ትንሽ ታኮርፍና ትበላለች። አንዳንድ ቅዳሜ እጠብስላታለሁ።