የገዙት ዓሣ ነው ወይስ በረዶ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ለሆቴሎች ዓሣ አከፋፍላለሁ። በጾም የዝዋይና የጫሞ ዓሣ ስለማይበቃኝ ከውጭ የቀዘቀዘ ፊሌቶ ላስመጣ ነው። አንዱ አቅራቢ በኪሎ 2.50 ዶላር፣ ሌላው 2.90 ዶላር ብለውኛል። ርካሹን ልውሰድ? ስንትስ ልዘዝ?

መልስ፦ ዋጋውን ከማወዳደርዎ በፊት ሁለቱንም ስለ በረዶ ሽፋኑ ይጠይቋቸው። ፊሌቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃ ውስጥ ይነከራል ወይም ይረጭበታል፤ ላዩ ላይ ስስ በረዶ ይይዛል። ግሌዝ የሚሉት ይህን ነው። ሽፋኑ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ያለ እሱ ዓሣው ፍሪዘር ውስጥ እየነጣ ይደርቃል። ችግሩ በረዶው በዓሣ ዋጋ ሲሸጥ ነው። የ2.50ው ሽፋን 20 በመቶ ከሆነና ክብደቱ ከነበረዶው ከተቆጠረ፣ የዓሣው ኪሎ 3.12 ዶላር ገደማ ይመጣል። የ2.90ው 5 በመቶ ቢሆን 3.05 ነው። ርካሹ ተወደደ ማለት ነው። በዚያ ላይ 25 ቶን ሲጭኑ 5 ቶኑ ውኃ ነው፤ የመርከቡንም የመኪናውንም ኪራይ ይከፍሉለታል።

ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ «የተጣራ ክብደት፣ የበረዶ ሽፋን ሳይጨምር» ተብሎ ይጻፍ፤ ናሙናም ያስልኩ። ከተለያዩ ካርቶኖች አሥር ፊሌቶ አውጥተው እንደቀዘቀዘ ይመዝኑ። በቀዝቃዛ ውኃ በረዶውን ብቻ ያጥቡ፤ ዓሣው ሳይለሰልስ ያቁሙ። ወንፊት ላይ አጠንፍፈው፣ ላዩን ጠርገው እንደገና ይመዝኑ። ልዩነቱ ሽፋኑ ነው። ከዚያ ዓሣውን ፍሪጅ ውስጥ አቅልጠው ይጥበሱት። ውኃ እየለቀቀ መጥበሻው ላይ ከተኮማተረ፣ ፎስፌት በሚባል፣ ውኃ በሚያስይዝ ኬሚካል ውኃ እንዲጠጣ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ፓንጋሲየስ በሚባለው የእርባታ ዓሣ ላይ ይህ የተለመደ ነውና ውሉ ላይ ይከልክሉት።

ስለ መጠኑ፦ ባለ 40 ጫማ ሪፈር (ማቀዝቀዣ የተገጠመለት) ኮንቴይነር 25 ቶን ያህል ይይዛል። ኪራዩ በኪሎ ሲሰላ ስለሚረክስ ብቻ መሙላት ብዙ ጀማሪ አስመጪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። በቀን 150 ኪሎ የሚሸጡ ከሆነ በሁዳዴ 55 ቀናት የሚወጣልዎ 8,250 ኪሎ ነው። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ፋሲካ ሲገባ ሥጋ ቤቶች ይከፈታሉ፤ ሁለት ሦስተኛው ዕቃ መብራትና የጀነሬተር ናፍጣ እየበላ ቀዝቃዛ ክፍልዎ ውስጥ ይቀራል። አንድ ኮንቴይነር ከሌላ አከፋፋይ ጋር ይካፈሉ። የመጫኛውን ቀን ከሁዳዴ መግቢያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ባንክዎ የማስመጫ ፈቃዱን ሳያጸድቅም አቅራቢው እንዳይጭን።

ጥያቄ፦ ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ሲደርስ የሙቀት ሰሌዳው ከዜሮ በታች 18 ያሳያል፤ ካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ዓሣ ግን ተጣብቋል። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ሰሌዳው የሚያሳየው የአየሩን ቅዝቃዜ እንጂ የዓሣውን አይደለም። ሪፈር የቀዘቀዘውን ይጠብቃል እንጂ ለማቀዝቀዝ አልተሠራም። በመርከብና በወደብ ኤሌክትሪክ ይሰካለታል፤ መኪና ላይ ግን ጀነሬተር ካልተገጠመለት ሙቀት ይገባዋል። ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ አፋር ሜዳ ላይ አጥፍቶ፣ ሊደርስ ሲል ቢያስነሳው አየሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የቀለጠውም እንደገና በረዶ ይሆናል፤ መጣበቁ ከዚህ ነው።

በሩን እንደከፈቱ አራግፉ አይበሉ። በበሩ አጠገብና ከላይ ካለው ካርቶን ይጀምሩ፤ የቴርሞሜትሩን መርፌ በሁለት ካርቶን መካከል አስገብተው ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። ከተጠራጠሩ ዓሣውን በድሪል በስተው ውስጡን ይለኩ። የካርቶኑ ታችኛ ጥግ ላይ የተጠራቀመ በረዶ፣ የደረቀ ቡናማ እድፍና የተጣመመ ፊሌቶ የመቅለጥ ምልክቶች ናቸው። ፎቶ ያንሱ፤ የርክክብ ወረቀቱ ላይ ጉዳቱን ሳይጽፉ አይፈርሙ፤ የኢንሹራንሱ መርማሪ እስኪመጣ ዕቃው ይቆይ። ከማሽኑ የሙቀት መዝገብም ይገለበጥ፤ ኃይል የተቋረጠበትን ሰዓት ይዟል። መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ አጫጫኑን ይዩ። ቀዝቃዛው አየር ከወለል ነው የሚነሳው፤ ካርቶን በኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ ከተሰመረው ቀይ መስመር በላይ ከተቆለለ አይዞርም።

ጥያቄ፦ ማኬሬል የሚባለው የባሕር ዓሣ ርካሽ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሂስታሚን የሚባለውን መርዛማ ነገር። ማኬሬልና ቱና ሳይቀዘቅዙ ሙቀት ላይ ከቆዩ ይፈጠራል፤ ማቀዝቀዝም መቀቀልም አያጠፋውም። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ) የሚፈቅደው ጣሪያ በኪሎ 200 ሚሊግራም ነው። የላብራቶሪ ውጤቱን ሲቀበሉ በወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሌላ ጭነት ወረቀት አብሮ የሚላክበት ጊዜ አለ።