ኮፈኑ እንደተዘጋ ባትሪው ቢሞትስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ታላቅ ወንድሜ ውጭ ሲሄድ አደራ ብሎ የተወልኝ የ2007 ሞዴል ፖርሽ ቦክስተር አለ። ሰኔ ሲገባ የሰፈራችን መንገድ ጭቃ ብቻ ይሆናል፣ መኪናዋ ደግሞ ለመሬት ቅርብ ናት፣ ስለዚህ እስከ መስቀል ከግቢ አላወጣትም። አምና በመስቀል ማግስት ቁልፉን ብጫነው ጭጭ። የፊት ኮፈኑም አልከፈት አለ፣ ባትሪው ያለው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። የጠራሁት መካኒክ በብረት ሊፈለቅቀው ሲል አስቆምኩት። ዘንድሮ አንድ ዘመዳችን መኪናዋ በቆመችበት ባትሪውን የሚጠብቅ ትንሽ ቻርጀር ልኮልኛል። መቆንጠጫ አለው፣ ሌላ ደግሞ ጫፉ ላይ ሁለት ቀለበት ያለው ገመድ አለው። የትኛው ይሻላል? ገመዱንስ በየት ላውጣው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን ብረት ስላስቆምክ እግዚአብሔር ይስጥህ። የተጣመመ ኮፈን ማቃናት ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ቀለበት ያለውን ገመድ እሰረው፣ እዚያው ይኑር። መቆንጠጫውን ለመጠቀም በየጊዜው ኮፈኑን መክፈት አለብህ፣ ያንተ መኪና ኮፈን ደግሞ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ከሞተ መቆንጠጫውን የምትሰካበት ቦታ አታገኝም። አምና የደረሰብህ ይኸው ነው።

ለምን እንደሞተ አብረን እናስላ። መኪና ቆማም ትበላለች። ማንቂያው፣ የሪሞቱ መቀበያ፣ ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይስባሉ። 30 ሚሊአምፔር ነው እንበል፣ ይሄ ለጤነኛ መኪና የተለመደ ነው። በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስቀል ወደ 100 ቀን ነው፣ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ 72 አምፔር ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ባትሪህ ባለ 70 ከሆነ አለቀ፤ ማንም አልሰረቀህም፣ መኪናዋም አልተበላሸችም። ባትሪው ግን ባዶውን በቆየ ቁጥር ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ ይህ ደግሞ በቻርጅ ሁልጊዜ አይለቅም። ስለዚህ አዲሱን ገመድ ከማሰርህ በፊት አሮጌውን ባትሪ ፈትነው። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ፣ ገመዶቹን ፈትተህ አሳድረውና ጠዋት በቴስተር ለካው። 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየ ደህና ነው። ከ12.4 በታች ከወረደ ግን አትድከም፣ ሌላ ግዛ።

ወደ ሥራው እንግባ። ባትሪውን ስትፈታ ሬዲዮው ኮድ ሊጠይቅህ ስለሚችል መጀመሪያ ወንድምህን ደውለህ ኮዱን ጠይቀው። ከዚያ ኔጌቲቩን ፍታ፤ ሁልጊዜም እሱ ይቀድማል። ፖዘቲቩን ቀድመህ እየፈታህ ቁልፉ የመኪናውን አካል ከነካ በቅጽበት ሾርት ያደርጋል፣ እጅ ያቃጥላል። ቀዩን ቀለበት የፖዘቲቭ ማሰሪያው ዳዶ ሥር አስገባና አጥብቀው። በባትሪው ጫፍና በማሰሪያው መሀል ግን አታስገባው፣ ማሰሪያው በደንብ አይጨብጥም። ጥቁሩን ደግሞ በኔጌቲቩ በኩል እንዲሁ አድርግና ኔጌቲቩን መጨረሻ ላይ መልሰህ እሰር። አዳዲስ መኪኖች ኔጌቲቩ ላይ የባትሪ ሴንሰር ስላላቸው እነሱ ላይ ጥቁሩ የሚታሰረው አካሉ ላይ ባለ የማሳ (ኔጌቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበት) ብሎን ነው።

ቀዩ ገመድ ላይ ፊውዝ የያዘች ትንሽ ቤት ታያለህ። አደራ፣ ገመዱ ረዘመብኝ ብለህ እሷን ቆርጠህ እንዳትጥል። ገመዱ በብረት ተፈግፍጎ ቢላጥ፣ ወይ አይጥ ቢበላው (ከእርሻ አጠገብ ላለ ግቢ ይሄ የምር ነገር ነው)፣ ያለ ፊውዝ ባትሪው ያለውን ኃይል በሙሉ በዚያች ቀጭን ሽቦ ይለቀዋል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ፊውዟ ለባትሪው ቅርብ ትሁን።

አሁን ዋናው ነገር። የገመዱ መሰኪያ ከኮፈኑ ውጭ ይቅር። ብዙ ሰው ጠቅልሎ ውስጥ ይተወዋል፣ ከዚያ ኮፈኑ ሲቆለፍ ገመዱም አብሮ ይታሰራል። ከውጭ ከሆነ ግን ባትሪው ቢደክም እንኳ ቻርጀሩን ሰክተህ ጥቂት ሰዓት ጠብቀህ ኮፈኑን በራሱ ቁልፍ ትከፍተዋለህ። ቆርቆሮ አትብሳ፣ ዝገት ትጋብዛለህ። ሌሎች ገመዶች የሚያልፉበት የጎማ ቀዳዳ ካገኘህ በዚያ አሳልፈህ ከፊት መከላከያው ክፍት ቦታ አጠገብ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰረው። ካጣህ በኮፈኑ ጎማ ላይ አሳልፈው፣ ከማጠፊያውና ከመቆለፊያው ግን አርቀው። ኮፈኑ ሲዘጋ ገመዱን ቆንጥጦ ከያዘው ቦታ ቀይር። የመሰኪያውን የጎማ ክዳን ሁልጊዜ ግጠመው፣ ጭቃ ይገባበታል። ኮፈኑን ከመዝጋትህ በፊት ቻርጀሩን ሰክተህ መሥራቱን በዓይንህ እይ።

ክረምት ላይ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። አንዳንድ ቻርጀር መብራት ሲመለስ በራሱ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ አዝራር እስኪጫኑለት ይጠብቃል። ያንተን ከግድግዳው ነቅለህ መልሰህ ሰክተህ ሞክረው። የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ መብራት በመጣ ቁጥር የሚያየው ሰው ያስፈልግሃል። ማከፋፈያውንም ዝናብ የሚያገኘው መሬት ላይ አታስቀምጥ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ባትሪው ፈጽሞ ከሞተ፣ ቻርጀሩ ባትሪ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ያኔ በሩን በቁልፉ ብረት ክፈት። በግራ በኩል፣ እግር ማሳረፊያው አጠገብ ካለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ የምትሳብ ቀይ ጫፍ አለች። የሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ እሷ ላይ፣ ኔጌቲቩን የበሩ ማጠፊያ ብረት ላይ አድርግ። ማንቂያው ሊጮህ ይችላል፣ አትደንግጥ። ኮፈኑን ክፈተው። በዚያች ጫፍ ግን ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክር፣ የተሠራችው ኮፈን ለመክፈት ብቻ ነው። ቦታዋን ዛሬውኑ ፈልገህ እያት፣ ለምትጠራው መካኒክም ብረት ከማንሳቱ በፊት አሳየው።