ስለ ማጅራት ገትር ለጠየቃችሁን

«አንገቴ ተገትሮ አደረ፤ ወደ ግራ መዞር አቃተኝ። ማጅራት ገትር ይሆን?»

ማጅራት ገትር የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን ብግነት ነው፤ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ከሌለዎት አይመስልም። ወደ ጎን ሲዞሩ የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻ ነው። በማጅራት ገትር የሚያስቸግረው ወደ ፊት ማጎንበስ ነው፤ አገጭ ደረት አልነካ ይላል። አንገት አልደረቀም ብሎ መዘናጋት ግን አደገኛ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ የታተመ፣ በባክቴሪያ የመጣ 696 የአዋቂዎች ማጅራት ገትር ሕመም የመረመረ ጥናት ትኩሳት፣ የአንገት መገተርና የአእምሮ መደናገር ሦስቱም አንድ ላይ የታዩት በ44 በመቶው ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ራስ ምታት ሲጨመር ግን ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ በ95 በመቶው ላይ ነበሩ። ሁለቱ ከተገናኙ፣ ይልቁንም ሰውየው መቀባዠር ከጀመረ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱት። ከፋርማሲ የተገዛ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ ፀረ ባክቴሪያ በሽታውን ሳያድን ባክቴሪያውን ከላቦራቶሪ ሊሰውረው ይችላል።

«እናታችን ከጀርባቸው ፈሳሽ ይወሰድ ተባለ። ሽባ ያደርጋል ሲሉ ሰምተን እምቢ አልን።»

እባካችሁ ፍቀዱ። ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መሃል ነው። የሚወሰደው አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ከከበበው ፈሳሽ ጥቂት ሚሊ ሊትር ሲሆን ሰውነት በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚያመርት ቶሎ ይተካል። ጤናማው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ባክቴሪያ ሲገባበት ይደፈርሳል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ፕሮቲኑና ነጭ የደም ሴሉ ያሻቅባል። ለጥቂት ቀናት ሲቆሙ የሚብስ ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ ያልፋል።

እናታችሁ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም አንድ ጎናቸው ከዛለ ሐኪሙ መጀመሪያ ሲቲ ስካን ሊያዝ ይችላል። ያኔም ሕክምናው ስካኑን አይጠብቅም፦ ደም ለምርመራ ተወስዶ ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ 2 ግራም በደም ሥር ይጀመራል፣ በየ12 ሰዓቱም ይቀጥላል። ብግነት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን ከመጀመሪያው የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም አብሮ ይሰጣል። ዕድሜያቸው ከ50 ካለፈ አምፒሲሊን ይጨመራል፤ ሊስቴሪያ የሚባለውን ባክቴሪያ ሴፍትሪያክሶን አይነካውምና።

«የወንድሜ ጆሮ ለዓመታት መግል ይፈሰዋል። ግንኙነት አለው?»

አለው። ቆይቶ የሚፈስ ጆሮ በዙሪያው ያለውን አጥንት እየበላ ወደ አንጎል ሽፋን መንገድ ሊከፍት ይችላል። በአዋቂዎች የበሽታው ዋነኛ አምጪ የሆነው ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያም ብዙ ጊዜ ከጆሮ፣ ከሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ካሉ የአጥንት ክፍተቶች) ወይም ከሳንባ ነው የሚነሳው። የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲያጎነብስ ከአፍንጫው የጠራ ውሃ (የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል) የሚንጠባጠብበት ሰውም፣ ጣፊያው የወጣለትም ስለ ኒሞኮከስ ክትባት ሐኪሙን ይጠይቅ።

«አብሮኝ የሚኖር ጓደኛዬ በዚህ በሽታ ተኛ። እኔም ክኒን ልውሰድ?»

ያመጣበት ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ አዎ፤ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው ቀበቶ በበጋ ወራት ወረርሽኝ የሚያስነሳው እሱ ነው። ለአዋቂ የተለመደው ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ። እርጉዝ ከሆነች ሌላ መድኃኒት ስላለ ለሐኪሙ ትንገር። ኒሞኮከስ ከሆነ ክኒን አያስፈልግም። ቢሮ ውስጥ የጨበጠውም አያስፈልገውም።

«ባለቤቴ ድና ወጣች፤ ግን አንድ ጆሮዋ አይሰማም።»

በዚያው በኔዘርላንድሱ ጥናት ኒሞኮከስ ከያዛቸው 30 በመቶው፣ ሜኒንጎኮከስ ከያዛቸው ደግሞ 7 በመቶው ሞተዋል፤ ከተረፉትም መስማት የሚቀንስባቸው ጥቂት አይደሉም። ከሆስፒታል በወጣች በ4 ሳምንት ውስጥ የመስማት ምርመራ ታድርግ። ከበሽታው በኋላ የውስጠኛው ጆሮ ጠመዝማዛ ክፍል አጥንት እየሆነ ሊደፈን ይችላል፤ ከተደፈነ የመስሚያ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና መትከል በጣም ይከብዳልና ቀጠሮውን አታዘግዩት።