ጥሪ ነው ወይስ ሽሽት? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ ሶስቱ ስለ አንድ ነገር፣ ስለ ካቶሊክ ክህነት ጥሪ ስለሆኑ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ጉዳዩ ለኔም ቅርብ ነው፣ በወጣትነቴ 4 ዓመት ሴሚናሪ (የካህናት ማሰልጠኛ) ኖሬ ወጥቻለሁ፣ ስለዚ የምለው ከመፅሀፍ ብቻ አደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ። 24 ዓመቴ ነው፣ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ አካውንቲንግ ተምሬ አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስቶር ላይ እሰራለሁ። እናቴ ካቶሊክ ናት አባቴ ሙስሊም ነው፣ እኔ በእናቴ እምነት ነው የተጠመቅኩትና ያደግኩት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቄስ የመሆን ሀሳብ ውስጤ አለ፣ ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩት፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ፍቅርም ይዞኝ ያውቃል፣ ግን አልጠፋም፣ ማታ ከሺፍት ስወጣ ይመጣል። ድምፅ ግን አልሰማሁም ህልም ምናምንም አላየሁም። ለእናቴ ስነግራት አንድ ልጄን ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም፣ አባቴ ሰምቶ ዝም አለ። ጓደኛዬ ደሞ ኑሮ ከብዶህ ነው የምትሸሸው ሲለኝ ቃሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ጥሪ መሆኑን በምን ልወቅ? በዚህ እድሜዬስ አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ስለ ድምፁ እናውራ ምክንያቱም ብዙ ልጆች እሱን ሲጠብቁ ነው የሚቀሩት። ሳሙኤልን አስታውሰው፣ እግዚአብሔር ሲጠራው ሶስቴም ተነስቶ የሮጠው ወደ ሽማግሌው ወደ ዔሊ ነው፣ አቤት ጠራኸኝ እያለ። ልብ በል፣ የእግዚአብሔር ድምፅ የሚያውቀው ሰው ድምፅ ነው የመሰለው እኮ! ምን ብሎ መመለስ እንዳለበትም የነገረው ዔሊ ነው፣ ብቻውን አልደረሰበትም (1ኛ ሳሙኤል 3)። ስለዚ ነጎድጓድ አትጠብቅ፣ ይልቅ የሚሰማህን ነገር ይዘህ የምትሄድበት ዔሊ ፈልግ፣ የቁምስናህ ቆሞስ (የአጥቢያህ ቤተክርስቲያን ኃላፊ ካህን) ሊሆን ይችላል፣ ሌላ የምታምነው አባት ሊሆን ይችላል፣ ብቻህን ግን አትጨርሰው።

ሽሽት ነው ያለህን ጓደኛህን ደሞ አትቀየመው፣ ጥያቄው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1521 ፓምፕሎና ላይ መድፍ እግሩን የሰበረው ኢግናጢዮስ የሚባል ወታደር ነበረ፣ ኋላ ኢየሱሳውያን የሚባለውን የካቶሊክ ማህበር የመሰረተው ነው። አልጋ ላይ ተኝቶ ሁለት አይነት ሀሳብ ይመጣበታል፣ አንዱ የጀግንነትና የአንዲት ሴት ወይዘሮ ሀሳብ፣ ሌላው እንደ ቅዱሳን መኖር። ሁለቱም በሚያስባቸው ሰዓት ደስ ይሉታል፣ ልዩነቱን ያየው ካለፉ በኋላ ነው፣ የመጀመሪያው ሲሄድ ደረቅ አድርጎት ይሄዳል፣ ሁለተኛው ካለፈም በኋላ ደስታው ይቆያል። አንተም ይሄን ሞክረው፣ ሀሳቡ ሲመጣ ሳይሆን በነጋታው ጠዋት ሰርቪስ ስትጠብቅ ልብህ ምን እንደሆነ እይ፣ አንድ ቀን አደለም ለወራት። ሌላም ልጠይቅህ፣ ነገ ደሞዝህ እጥፍ ቢሆን፣ የወደድካት ልጅም ደውላ እሺ ብትልህ፣ ሀሳቡ ይጠፋል? ከጠፋ ጓደኛህ ልክ ነበር፣ ምንም ነውር የለውም። ካልጠፋ፣ ወይም ጭራሽ ጥሩ ቀን ላይ ከሆነ ብሶ የሚመጣው፣ ያኔ በቁም ነገር ያዘው። ለማረፍ ብለህ ካሰብከው ደሞ ከቅርብ ሆነህ የአንድ ካህን ሳምንት ተመልከት፣ ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት ተነስቶ፣ ቀድሶ፣ ለቅሶ ደርሶ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት አስታርቆ፣ ማታ በመኝታ ሰዓቱ ታማሚ ቀንዲል ቅቡልኝ ብሎ ይጠራዋል፣ እምቢ አይልም።

ረፈደብኝ ያልከውን በአጭሩ ልለፈው። አባ ገብረ ሚካኤል ቤተክርስቲያን ብፁዕ ብላ የምታከብራቸው ናቸው፣ የጎጃም ሰው፣ አንድ አይናቸው የጠፋ መነኩሴ፣ ሚሲዮናዊው ቅዱስ ያዕቆብ ደ ያቆቢስ ቅስና የሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፣ 60 ገደማ ሆኗቸው! በ1855 በእስር በሰንሰለት ሞቱ። አንተ ገና 24 ነህ፣ የኛ ስርዓት የሚመራበት የምስራቅ አብያተ ክርስቲያናት ህግ ለቅስና ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው እድሜ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቆሞስህ ዘንድ ትሄዳለህ፣ እሱ ያይሃል፣ ከጥሪ አስተባባሪው ጋር ያገናኝሃል፣ የጥምቀትና የሜሮን ማስረጃህን፣ የትምህርት ወረቀትህን፣ የጤና ምርመራ ታዘጋጃለህ። የኛ ወሎ ያለው በባህርዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ስር ነው፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቋቋሙት አዲስ ሀገረ ስብከት ነው፣ ከጣና ዳር እስከኛ ድረስ ሰፊ መሬት ጥቂት ምዕመን፣ እና እውነቱን ልንገርህ ካህን ያስፈልገናል፣ ይሄን ስፅፍ እንኳን ልቤ ይሞቃል። ከሴሚናሪው የመሰናዶ ጊዜ በኋላ ፍልስፍናና ቲዎሎጂ ቢያንስ 6 ዓመት አለ፣ ብዙዎቹ የሀገራችን ዘርአ ክህነቶች (የክህነት ተማሪዎች) አዲስ አበባ የካፑቺን መነኮሳት ኢንስቲትዩት ይማራሉ። ያ ሁሉ ዓመት የተቀመጠው ለትምህርት ብቻ አደለም ለማጣራት ነው፣ አንተም ትፈትሻለህ እነሱም ይፈትሹሃል። ሰው ሴሚናሪ የሚገባው እርግጠኛ ሆኖ አደለም፣ እርግጠኛ ካልሆንኩ አልሄድም የምትል ከሆነ 40 ዓመት እስኪሞላህም አትሄድም። እዛ ደሞ ለመንፈሳዊ አባትህ የልብህን ሁሉ ንገረው፣ ፍቅሩንም ጥርጣሬውንም፣ ይለፍ አይለፍ ሲባል የንስሐ አባትና የመንፈሳዊ አባት ድምፅ እንዳይጠየቅ ህጉ ከልክሏል።

አንድ ነገር ግን ከመግባትህ በፊት ለይ። የሀገረ ስብከት ካህን ለጳጳሱ ይታዘዛል እንጂ የድህነት ስእለት የለበትም፣ ከምታገኛት ትንሽም ቢሆን እናትህን ትረዳለህ። እንደ ላዛሪስት፣ ካፑቺን፣ ኮምቦኒ፣ ሲታውያን ያለ ገዳማዊ ማህበር ብትገባ ግን ድህነት ንጽሕና ታዛዥነት ትሳላለህ፣ የግሌ የምትለው ገንዘብ የለም። ለአንድ ልጅ ይሄ ትንሽ ጥያቄ አደለም፣ እናትህም ከእንባዋ ስር የምትጠይቀው ምናልባት ማን ይጦረኛል የሚለውን ነው፣ ጠይቃት እስኪ፣ ስለ ልጅ ልጅ ብቻ መሰለህ?

አባትህን ግን አሁኑኑ አናግረው። ሙስሊም መሆኑ ለክህነትህ እንቅፋት አይሆንም፣ በወሎ ቤት ደሞ ይሄ አዲስ ነገር አደለም፣ እዚህ ፋሲካም ኢድም አንድ ቤት ውስጥ ይዋላል። ዝምታውን ቁጣ ነው ብለህ አትደምድም። ሰው በሌለበት አርብ ከሰዓት፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ፣ አባዬ ምን አሰብክ በለው፣ ከዛ ዝም ብለህ ስማ። የኔ አባት ክርስቲያን ነበር እኔ ግን ስሄድ ሀሳቡን አልጠየቅኩትም፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ባለትዳር ነኝ፣ ደሴ ሆጤ ነው ቤቴ፣ ያገባ ሰው ካቶሊክ ቄስ መሆን ይችላል ወይስ አይችልም? አንዱ ይችላል አንዱ አይችልም ይለኛል።

መልስ፦ ሁለቱም ከየራሳቸው ተነስተው ነው። በላቲን ስርዓት፣ በምዕራቡ ማለት ነው፣ ካህናት አያገቡም፣ የተለየ ፈቃድ ያላቸው ጥቂቶች ቢኖሩም። የኛ የግዕዝ ስርዓት ግን የምስራቅ ነው፣ በምስራቁ ህግ ከዲቁና በፊት ያገባ ሰው ቄስ ሊሆን ይችላል፣ ህጉ ያገቡ ካህናትን ልማድ ያከብራል፣ ከተቀባ በኋላ ማግባት ግን የለም፣ የሚስትም የፅሁፍ ፈቃድ ይጠየቃል። በተግባር ሀገራችን ያሉት ካቶሊክ ካህናት አብዛኞቹ ያላገቡ ናቸው፣ ስለዚ ባለቤትህን ይዘህ ወደ ቆሞስህ ሂድ፣ እሷ ያልተስማማችበትን ነገር ሳትነግራት አትጀምር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜ 3 ዓመት ተኩል ሴሚናሪ ቆይቶ ባለፈው ወር ተመለሰ። ምንም አይናገርም። ደሴ ፒያሳ ሱቅ አለን እዛ እንኳን አይመጣም፣ ሳጥኑ ገመዱ ሳይፈታ ሳሎን ተቀምጧል። ሰፈሩ ምን አጥፍቶ ነው ይላል፣ እናታችንም አፍራለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ ይሄን ደብዳቤሽን ሶስቴ ነው ያነበብኩት።

እኔም እንደዛው ነው የተመለስኩት። በአውቶቢስ መጥቼ፣ ሐረጎን ስንወጣ ቀን ስለነበረ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ደሴ መናኸሪያ ወርጄ ሻይ ቤት ጥግ ቁጭ ብዬ እስኪመሽ ጠበቅኩ፣ ከዛ ሳጥኔን ተሸክሜ በጨለማ ዳገቱን ወጣሁ። ያጠፋሁት ነገር አልነበረም፣ አልተባረርኩምም፣ ገና ስገባ የወደድኩት የሰፈራችንን ካህን እንደነበር 4ኛ ዓመት ላይ ገባኝ፣ እንደሳቸው መሆን ነው እንጂ የፈለግኩት ክህነቱን አልነበረም። መንፈሳዊ አባቴ ራሱ ነው በሰላም ሂድ ያለኝ። እናቴ በሩን ስትከፍት ለምን አላለችም፣ ፊቴን አይታ ወንበሩን ሳበችልኝና ከሰል አያያዘች፣ በሌሊት ቡና አፈላች። ያን ሌሊት ስላልጠየቀችኝ ነው እስከዛሬ ቤተክርስቲያን የምሄደው።

ለእናታችሁ ይሄን ንገሪያት፣ ማንንም ሰው ክህነት እንዲቀበል ማስገደድ በቤተክርስቲያን ህግ ክልክል ነው፣ ስለዚ ወንድምሽ የተጣራ እንጂ የወደቀ ልጅ አደለም፣ 3 ዓመት ተኩል የተማረው ፀሎትና ንባብም የትም አልሄደም። ሰፈሩ ምን አጥፍቶ ነው ሲል ለመከላከል ብለሽ ምክንያት አትፍጠሪ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሌላ መንገድ ጀመረ በይ በቃ። ሱቁን ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይበዛ እንዲከፍትልሽ ጠይቂው፣ ብቻውን አትተይው ግን ወሬም አትጎትቺበት። ቅዳሴ ለመሄድ ካፈረ ለጊዜው ሌላ ቦታ አብራችሁ ሂዱ፣ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ወር ሁለት ወር ቆይቶም እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው ግን ሀኪም ያስፈልገዋል፣ ይሄን በፀሎት ብቻ ይለቃል ብላችሁ አትዘግዩ።

ሳጥኑን ደሞ እሱ ራሱ ገመዱን እስኪፈታው ድረስ ማንም እንዳይከፍተው፣ እናታችሁም ብትሆን።