ስም ከመስጠታችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ

ውድ ወጣት ሐኪሞች፦

ቆዳ ላይ የወጣ ነገር ስለሚታይ ብቻ የታወቀ ይመስላል። አንዴ ገልጦ አይቶ «ችፌ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ስሙ ካርዱ ላይ ከሰፈረ ግን ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ያንኑ ይደግማል፤ ሽፍታው መጀመሪያ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። እባካችሁ መጀመሪያ ያያችሁትን ጻፉ፤ ስሙ ይደርሳል።

መቼ ጀመረ፣ ከየት ተነሣ፣ ያሳክካል ወይስ ያማል የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። የሚዘነጋው «በመጀመሪያው ቀን ምን ይመስል ነበር?» የሚለው ነው። ዛሬ ቅርፊት ብቻ የሚታይበት ቦታ ከቀናት በፊት ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ጎን ብቻ ወጥቶ፣ ከመውጣቱም በፊት ያቃጥል ከነበረ አልማዝ ባለጭራን አስቡ።

ሌላው የተቀባው ነገር ነው። «መድኃኒት ተጠቅመዋል?» ስትሉ ብዙ ሰው «አይ» ይላችኋል፤ ክሬም ከመድኃኒት አይቆጠርማ። «ምን ቀብተውበታል?» በሉና ቱቦውን ራሱን እዩት። ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) የተቀባ ጭርት ቀለበት መሰል ጠርዙና ቅርፊቱ ደብዝዞ፣ ማሳከኩም ቀንሶ፣ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። ከተጠራጠራችሁ ከጠርዙ ቅርፊት ፍቃችሁ፣ ፈንገሱ ጎልቶ እንዲታይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፕ ተመልከቱ። የሚዋጥ መድኃኒት ከሆነ የተጀመረበትን ቀን ጻፉ፤ የተለመደው የመድኃኒት ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ይወጣል፣ አንዳንዱ አደገኛ ዓይነት ግን እስከ 8 ሳምንት ይዘገያል።

ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ ከሆነ አብሯቸው የሚኖር ሌላ የሚያሳክከው ሰው እንዳለ ጠይቁ፤ የጣቶችን መሐል፣ የእጅ አንጓንና እምብርት ዙሪያን እዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እከክ የያዘው ሰው ለሳምንታት ምንም ላያሳክከው ይችላል። ስለዚህ «እኔን አያሳክከኝም» ያለውም አብሮ ይታከማል።

ስትመረምሩ በቂ ብርሃን ይኑር። የራስ ቆዳ፣ አፍ፣ ጥፍርና የእግር ጣቶች መሐል አይታለፉ። ከብዙው መካከል ያልታከከችውንና ምንም ያልተቀባችውን አንዷን ፈልጉ፤ እውነቱን የምትነግራችሁ እሷ ናት። በማስመሪያ ለኩ። ጠፍጣፋ ሆኖ ከ1 ሳንቲሜትር ያነሰው ማኩል፣ ከፍ ያለው ፓፑል ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ከፍ ያለና ሰፊ ምልክት ፕላክ ይባላል። አንዳንድ መጻሕፍት ድንበሩን 0.5 ሳንቲሜትር ያደርጉታል፤ ቁጥሩን ከጻፋችሁ ክርክር የለም። «በግራ ክርን የውጭ ገጽ ላይ፣ 4 በ 3 ሳንቲሜትር፣ ጠርዙ የጠራ፣ ብርማ ቅርፊት የለበሰ አንድ ፕላክ» ብትሉ ታካሚውን ያላየ ሐኪም እንኳ ሶሪያሲስን (ቅርፊት የሚያለብስ ሥር የሰደደ የቆዳ በሽታ) ይጠረጥራል።

በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ይታያልና «አልቀላም» ብላችሁ አትለፉ። በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ዳስሱ፣ ከሌላው ጎን ጋር አስተያዩ። የቀላውን በመስታወት ስላይድ ተጫኑት፤ ካልደበዘዘ ደሙ ከደም ሥር ወጥቷል። ከትኩሳት ጋር ከሆነ ተራ አታስጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል አስተኙ። የነጣ ምልክት ካገኛችሁ ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ንኩት፤ ካልተሰማው ሥጋ ደዌን አስቡ፣ ነርቮቹንም ዳስሱ።

መጥቶ ለሚጠፋ የሚያሳክክ እብጠት ደግሞ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አክብቡና በማግስቱ እዩት። ከ24 ሰዓት በላይ እዚያው ከቆየና ጥቁረት ከተወ ተራ አለርጂ ላይሆን ስለሚችል ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚሆን ትንሽ የቆዳ ቁራጭ) ውሰዱ።