ማንበብ ስላቃታቸው ልጆች፦ ጥያቄና መልስ

የወላጆችና የመምህራን ጥያቄዎች ናቸው። የምችለውን ልመልስ።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ፊደል ከሀ እስከ ፐ ያወርደዋል። ቃል ስሰጠው ግን ዝም ይላል።

በቃሉ ይዞት ይሆናል። ጣቱ ገበታው ላይ ይሄዳል፣ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው። ለማጣራት ፊደላቱን አዘበራርቀው ይጻፉለት፦ ሙ፣ ቤ፣ ሶ፣ ሊ። «ይሄ ማን ይባላል?» ይበሉት። «ቤ» ላይ ሲደርስ በሹክሹክታ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ...» እያለ ከመጣ ችግሩን አገኙት፤ ፊደሉን በመልኩ አያውቀውም።

231ዱን እንደገና ከሀ አያስጀምሩት፣ ይሰለቻል። ቅጥያውን ያሳዩት። ሉ፣ ሱ፣ ቡ፣ ኩ ሁሉም ቀኝ ጎናቸው ላይ ያቺ ጭረት አለች። እሷን ሲለይ ብዙ ፊደል አብሮ ይመጣለታል። ሩ እና ፉ አመለኞች ናቸው፤ ለብቻ ያስጠኑት። ከዚያ ቶሎ ወደ ቃል ይግቡ፦ ቡና፣ ሱሪ፣ ኩባያ።

ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። ሁሉንም እንዴት ልፈትን?

በቀን አምስት ልጅ፣ ሌሎቹ ሲጽፉ። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ማስነበብ ይበቃል። ማርክ አይስጡ፤ የት እንደተደናቀፈ ብቻ ይመዝግቡ። ፊደል የማይለየውን፣ ፊደል ለይቶ ቃል መግጠም ያቃተውንና አንብቦ የማይገባውን አንድ ላይ ማስተማር ለሦስቱም አይሆንም። «ሰነፍ» የሚለው ስም ደግሞ ለማንም አልጠቀመም።

ሳይሳሳት ያነባል፤ ምን አነበብክ ስለው ግን አያውቅም።

ያንኑ ጽሑፍ እርስዎ ያንብቡለትና ይጠይቁት። ሰምቶ ከመለሰ ቋንቋው አለው፤ ንባቡ ነው የተንቀራፈፈው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። አጭር አንቀጽ ደጋግሞ ያንብብ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ገና»ን የመሰለ ቃል (በዓሉም፣ «ገና ነው» የምንለውም ሊሆን ይችላል) ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ እንዲመለስበት ያስለምዱት። ሰምቶም ካልገባው ግን ችግሩ ቃላቱ ናቸው። ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ላይ ይሄ ይበዛል። መጀመሪያ ያውሩት፣ ከዚያ ያስነብቡት።

ሀ፣ ሐ እና ኀን ያምታታል። ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያከብድ የመማር ችግር) ይሆን?

ይሄማ ትልቅ ሰውም ያምታታል፤ ድምፃቸው አንድ ነው። ዲስሌክሲያን በአንድ ፈተና ማወቅ አይቻልም፤ ከብልህነት ጋርም አይገናኝም። መጀመሪያ ዓይንና ጆሮውን ያስመርምሩ። ለወራት በደንብ አግዘውት ካልተሻሻለ፣ በተለይ ከቤተሰብ እንደሱ የተቸገረ ካለ፣ ባለሙያ ይየው።