ችካል ተተክሎባችሁ ከሆነ ከካሳው በፊት መሻገሪያውን ጠይቁ

ወንድሜ፣ «አዲስ የፍጥነት መንገድ በአባቴ ማሳ ያልፋል ተብሎ ቀያሾች ችካል ተክለው ሄዱ፤ ሰኞ ለሕዝብ ውይይት ተጠርተናል፤ ምን እንጠይቅ?» ብለሃል። እኛም ያለፍንበት ነው። ካሳ መጠየቁን ማንም አይነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

1. መሻገሪያ። የፍጥነት መንገድ ግራና ቀኙ ይታጠራል። ቤታችሁ ወዲህ፣ ግጦሹና ውሃው ወዲያ ሲቀር ያን ጊዜ ነው ጉዱ። «ይታሰብበታል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። የት ቦታ? ስፋቱ ስንት? ከፍታውስ? እኛ ጋ አማካሪው ያሳየን ንድፍ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቱቦ ነበር። ተነሥቼ «ጭድ የጫነ ጋሪ በዚህ ይገባል ወይ?» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሐንዲሱ ግን አልሳቀም፣ ጻፈው። ዛሬ ጋሪው ከነጭዱ ያልፋል። እኔም ባለፍኩ ቁጥር ትንሽ ደረቴን እነፋለሁ፣ አልዋሽም።

2. ፊርማ። ስብሰባው ሲያልቅ ወረቀት ይዞራል። «መገኘታችሁን ለማረጋገጥ ነው» ይላሉ። የእኛው ርዕስ እንኳ አልነበረውም። እኔ ከስሜ ጎን «መሻገሪያ ካልተሠራ አልስማማም» ብዬ ጻፍኩበት። ኋላ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን ስናገኝ ያ ወረቀት «ነዋሪው ተስማምቷል» ከሚል ገጽ ጋር ተያይዟል! ተቃውሞ ሆኖ የተገኘው የእኔ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ጥናቱን ለማየትማ ያየነውን አበሳ አታንሣው። የቢሮው ሰውዬ ቁጭ በሉ እንኳ ሳይለን «ይሄ የባለሙያ ሰነድ ነው፤ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል?» አለን። አዋጅ 299/1995 ግን የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ አስተያየትም ይሰበሰብበት ይላል። አንቀጹን አትሜ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት የጠፋው የቁም ሳጥን ቁልፍ ወዲያው ተገኘ። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያነብላችሁ ተማሪ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ አባሪዎቹን ግለጡ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

3. ገንዘቡ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የሞጆ–ሐዋሳን መንገድ ብታይ በየክፍሉ አበዳሪው ይለያያል፤ የአፍሪካ ልማት ባንክ አለ፣ የዓለም ባንክ አለ፣ የኮሪያና የቻይናም አለ። እንደ ሁለቱ ልማት ባንኮች ያሉት ጥናቱን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ አቤቱታ የሚሰማ ክፍልም አላቸው። ቢሮ ቢከለክላችሁ ከዚያ አውርዱት። ካሳውን በተመለከተ የ2016ቱ የካሳ አዋጅ ማሻሻያ ክፍያውን ወደ ክልል ስላዞረው፣ አዲስ አበባ ድረስ መጥታችሁ ደጅ ስትጠኑ እንዳትከርሙ።

ጎርፉንም አትርሱ። ከአስፋልቱ የሚወርደው ውሃ በማን ማሳ ላይ እንደሚለቀቅ ካርታው ላይ በጣት ያሳዩዋችሁ። የድንጋይ ካባ የሚከፈትበትንም እንዲሁ፤ ሲጨርሱ ጉድጓዱን ማን እንደሚደፍነው ይጻፍ።

ሰኞ ሴቶቹ ፊት ይቀመጡ። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ስለሆኑ በየት በኩል እንደሚያቋርጡ ከቀያሹ በላይ ያውቃሉ። እሑድ ደግሞ አንድ ጋሪ ጭድ ጫኑና ቁመቱን በሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ግቡ።